ዝንብ፣ ጠርሙስና ሽልማት፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዘር ውርስ ምርምር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1995 የፊዚዮሎጂና የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሦስት ተመራማሪዎች በጋራ ተሰጠ። ከሦስቱ አንዱ ኤድዋርድ ሉዊስ የተባሉ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለረጅም ዘመን ያስተማሩና የተመራመሩ፣ በዚያን ጊዜ የ77 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ለሽልማት ያበቃቸው ሥራ የአንዲት ጥቃቅን ዝንብ አካል በምን ሥርዐት እንደሚከፋፈል፣ ክንፍ በክንፍ ቦታ፣ እግርም በእግር ቦታ እንዲበቅል የሚያዝዙት ጂኖች እንዴት እንደተደረደሩ የሚያስረዳ ነው። ሥራው በዩኒቨርሲቲ ተፈጸመ እንጂ በዩኒቨርሲቲ አልተጀመረም። የተጀመረው ከስድሳ ዓመት ያህል በፊት፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ዊልክስ-ባሪ በምትባል የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክበብ ውስጥ ነው።

በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብን ስለ ማጠናከር በተነሣ ቁጥር ንግግሩ ፈጥኖ ወደ ውድድርና ወደ ሽልማት ይዞራል። ዋንጫ፣ የምስክር ወረቀትና የገንዘብ ስጦታ ከተዘጋጀ ተማሪው ይመራመራል የሚል እምነት በፕላን አውጪዎችም በመምህራንም ዘንድ ሥር የሰደደ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በዘር ውርስ ጥናት፣ ማለትም በጄኔቲክስ፣ ያደረጓቸውን ጥቂት ምርምሮች በመመልከት፣ ሽልማቱ ከሥራው አስቀድሞ ነው ወይስ ዘግይቶ የመጣው፣ ሽልማት ባልነበረበት ጊዜስ ተማሪውን ወደ ሥራ የጠራው ምንድን ነው የሚለውን መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ዝንቢቱ

የፍራፍሬ ዝንብ፣ በሳይንስ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር፣ ለማናችንም እንግዳ አይደለችም። በበሰለ ሙዝ ላይ፣ በጠላ ጋንና በጠጅ ብርሌ አፍ ዙሪያ የምታንዣብበው፣ ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል የሆነችው ናት። ፕሮፌሰር ቶማስ ሀንት ሞርጋን በኒውዮርክ ከተማ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይህችን ዝንብ በወተት ጠርሙስ ውስጥ ሙዝ እየቀለቡ ሲያረቡ ቆይተው፣ በ1910 ከቀይ ዓይናሞቹ መካከል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ አገኙ። ከዚያ አንድ ዝንብ ተነሥተው የዘር ጠባይ በክሮሞዞም ላይ እንደሚጓዝ አሳዩ፤ በ1933ም ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን በሞርጋን ዙሪያ የተሰበሰቡት ወጣቶች ታሪክ ነው። ካልቪን ብሪጅስ ወደዚያ ክፍል የገባው ጠርሙስ ሊያጥብ ተቀጥሮ ሲሆን፣ በወፍራሙ የጠርሙስ መስተዋት ውስጥ የዓይኑ ቀለም ከሌሎቹ የተለየ ዝንብ በማየቱ ወደ ምርምሩ ሥራ ተዛወረ። አልፍሬድ ስተርቴቫንት ደግሞ በ1911 ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሲነጋገር፣ ሁለት ጂኖች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፉ የሚለያዩበት ብዛት በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሊያስለካ እንደሚችል ተገነዘበ። መረጃውን ወደ ቤቱ ይዞ ሄዶ፣ የትምህርቱን የቤት ሥራ ወደ ጎን አድርጎ፣ ሲያሰላ አደረና የመጀመሪያውን የጂኖች ካርታ አወጣ። ጥናቱ በ1913 ታተመ። የቤት ሥራውን በማግስቱ ይጠብቅ የነበረው መምህር ምን ብሎ ይሆን?

ዝንቢቱ ለትምህርት ቤት የተመቸችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ የሚፈጀው 10 ቀን ያህል ነው። አንዲት እናት በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። የክሮሞዞሟ ብዛት አራት ጥንድ ብቻ ነው። የዓይን ቀለም፣ የክንፍ ቅርጽ፣ የጸጉር ዓይነት በተራ ማጉያ መነጽር ይታያል። ተማሪዎቻችን የዘር ውርስን ሕግ የሚማሩት በሜንዴል አተር ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሜንዴል አተሩን ሲያዳቅል ከ1856 እስከ 1863 ድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ተማሪው በአንድ መንፈቀ ዓመት የልጅ ልጁን ትውልድ ቆጥሮ ሕጉን በዓይኑ ሊያረጋግጥ የሚችለው በዝንብ እንጂ በአተር አይደለም።

ከዚህ ጋር ሊጠቀስ የሚገባው ሌላው ነገር የዝንብ ተመራማሪዎች ልማድ ነው። ከሞርጋን ቤት የወጡት ሁሉ ያገኙትን የተለየ ዝርያ ለጠየቃቸው መላክን እንደ ግዴታ ይቆጥሩት ነበር። በ1934 ብሪጅስና ሚሊስላቭ ዴመረክ «ድሮሶፊላ ኢንፎርሜሽን ሰርቪስ» የተባለውን ጽሑፍ ማውጣት ጀመሩ፤ በዚህም የትኛው ዝርያ በየትኛው ቤተ ሙከራ እንደሚገኝና ገና ያልታተሙ የምርምር ማስታወሻዎች በዝርዝር ይወጡ ነበር። ሳይንስ በፉክክር ብቻ ይገፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ልማድ ቢመረምሩት መልካም ነው። ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ባይተላለፍ ኖሮ፣ ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ርቃ ወደምትገኝ አነስተኛ ከተማ ባልደረሰም ነበር።

ሁለቱ ኤድዋርዶች

ኤድዋርድ ሉዊስ በግንቦት ወር 1918 በዊልክስ-ባሪ ተወለደ። አባቱ የሰዓት ሠሪና የጌጣጌጥ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ለአካለ መጠን የደረሰበት ዘመን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የተከሠተበትና በተለይ እንደዚያች ከተማ ባሉ የማዕድን አካባቢዎች ኑሮ እጅግ የከበደበት ወቅት ነው። ከተማይቱ ግን አንድ ጥሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነበራት፤ ልጁም ጊዜውን በዚያ ማሳለፍ ይወድ ነበር።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ሉዊስ በኢ. ኤል. ሜየርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማር፣ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ማስታወቂያ አነበበ። ማስታወቂያው የድሮሶፊላ ዝንቦችን በአንድ ዶላር ሒሳብ ለሽያጭ ያቀርባል። የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ ክበብ ዝንቦቹን አስመጣ፤ ሉዊስና የክፍል ጓደኛው ኤድዋርድ ኖቪትስኪም ማርባትና ከተለመደው የተለየ ዝንብ መፈለግ ጀመሩ። ጠቅላላው የምርምር በጀት እንግዲህ ይህ ነው፤ ጥቂት ዶላር፣ ጥቂት ጠርሙስና አንድ ክበብ። ውድድር አልነበረም። ለመላው አገሪቱ ተማሪዎች የተከፈተው የሳይንስ ተሰጥኦ ውድድር ገና አልተቋቋመም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሁለት መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም። ዝንብ መቁጠር አሰልቺ ሥራ ነው፤ በየቀኑ ጠርሙስ መክፈት፣ ዝንቦቹን ማደንዘዝ፣ ወንዱን ከሴቷ መለየት፣ መመዝገብ፣ ምግብ መቀየር ይጠይቃል። አንዱ ሲሰለች ሌላው የሚቀጥልበት፣ አንዱ ያየውን ሌላው የሚጠራጠርበት ጓደኝነት ለትምህርት ቤት ምርምር ከማይክሮስኮፕ የማይተናነስ መሣሪያ መሆኑን ቀጥሎ የሆነው ያስረዳል።

ኖቪትስኪ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሉዊስ ዋሽንት መሰሉን የፍሉት መሣሪያ አሳምሮ ይነፋ ስለነበረ፣ ወደ ባክኔል ዩኒቨርሲቲ የገባው በሙዚቃ በተሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በዚያም ፕሮፌሰር ክላረንስ ኦሊቨር በቤተ ሙከራቸው አንድ ጠረጴዛ ሰጥተው በዝንቦቹ ላይ የጀመረውን እንዲቀጥል ፈቀዱለት። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን አልተለያዩም። ኖቪትስኪ የዝንቢቱን ዓይን የሚያሳንስና የሚያሻክር አንድ አዲስ የዘር ለውጥ አገኘ። ይህ ለውጥ «ስታር» ከሚባለው ቀድሞ ከሚታወቅ ጂን ጋር በአንድ ቦታ የተቀመጠ፣ የዚያው ጂን ሌላ መልክ መሰለ። ኖቪትስኪ ዝንቦቹን ለሉዊስ ሰጠው።

ሉዊስ ሁለቱን ለውጦች የያዙ ዝንቦችን እያዳቀለ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቻቸውን መረመረ። በዚያን ጊዜ የነበረው አስተያየት አንድ ጂን የማይከፈል ነው የሚል በመሆኑ፣ ሁለቱ ለውጦች የአንድ ጂን ከሆኑ በፍጹም ሊለያዩ አይገባም ነበር። ዳሩ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ተለያዩ። ስለዚህ አንድ የመሰሉት ነገሮች ሁለት ሆነው፣ ተጎራብተው የተቀመጡና በጠባያቸው የተዛመዱ ሆነው ተገኙ፤ አዲሱም ለውጥ «አስተሮይድ» የሚል ስም ወጣለት። ጥናቱ በካሊፎርኒያ በስተርቴቫንት መሪነት ቀጥሎ በ1942 ሉዊስን ለዶክትሬት አበቃው። ኖቪትስኪም በዚያው ኢንስቲትዩት በዚያው ዓመት ዶክትሬቱን ተቀበለ።

ሉዊስ ከጦርነቱ አገልግሎት በኋላ በ1946 ወደ ኢንስቲትዩቱ ተመልሰው የያዙት ጥያቄ ያው ነበር፤ ተጎራባችና ተመሳሳይ ጂኖች ከአንድ አባት ጂን በመባዛት የመጡ ከሆነ፣ አዲሶቹ ምን አዲስ ሥራ ያዙ? ለዚህ የመረጡት ብሪጅስ በ1915 ያገኙትን «ባይቶራክስ» የተባለ የዘር ለውጥ ነው። ዝንብ ሁለት ክንፎች ብቻ ያሏት ሲሆን፣ ከክንፎቹ በስተኋላ ሚዛን መጠበቂያ የሆኑ ሁለት ትንንሽ እንቡጦች አሉ። በባይቶራክስ ዝንብ እነዚህ እንቡጦች ወደ ክንፍነት ያዘነብላሉ። ሉዊስ የተለያዩ ለውጦችን በአንድ ዝንብ ላይ በማከማቸት አራት ሙሉ ክንፎች ያሏት ዝንብ አወጡ፤ ጂኖቹም በክሮሞዞሙ ላይ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ከሚያዝዟቸው የአካል ክፍሎች ቅደም ተከተል ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። ዋናው ጽሑፋቸው በ1978 ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ የእነዚሁ ጂኖች ዘመዶች በአይጥና በሰውም ውስጥ ተገኙ። ሉዊስ በ2004 አረፉ።

ኖቪትስኪስ? እርሳቸውም በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው የኖሩ የታወቁ ሊቅ ነበሩ። በ1957 ከሎረንስ ሳንድለር ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ አንዳንድ ክሮሞዞሞች ከሕጉ ውጪ ከእኩሌታ በላይ ለሆኑ ልጆች የሚተላለፉበትን ሁኔታ ስም ሰጥተው አብራርተዋል፤ ያ ስያሜ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ኖቤል አልደረሳቸውም። የሽልማት መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው ከዚያ ክበብ የወጣው አንድ ሰው እንደሆነ ያስባል፤ የጠርሙሱን ታሪክ የተከተለ ግን ሁለት ሰዎችን ያገኛል።

ሽልማቱ ሲመጣ

በኒውዮርክ ከተማ የነበረው «አሜሪካን ኢንስቲትዩት» የተባለ ድርጅት ለተመረጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠሩበት ቤተ ሙከራ ከፈተ። በ1941 ከገቡት አንዱ በስታይቨሰንት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረው ጆሹዋ ሌደርበርግ ነው። በዚያ የያዘው ምርምር በእጽዋት ሕዋስ እምብርት ውስጥ ስለሚገኘው ኒውክሊዮለስ ኬሚካዊ ጠባይ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ከኤድዋርድ ታተም ጋር ባክቴሪያዎችም የዘር ቅልቅል እንደሚያደርጉ አረጋገጠ፤ በ1958 ኖቤል ሲሰጠው ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። እዚህም የቀደመው ሽልማት አይደለም፤ በር የተከፈተለት ክፍል ነው።

በ1942 የሳይንስ ዜና አሰራጭ የሆነው «ሳይንስ ሰርቪስ» ከዌስቲንግሀውስ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ጋር በመሆን ለመላው አገሪቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሳይንስ ተሰጥኦ ውድድር አቋቋመ። በየዓመቱ 40 ተማሪዎች ተመርጠው ወደ ዋሽንግተን ይጠራሉ። ወጪውን የሚሸፍነው ኩባንያ በ1998 ወደ ኢንቴል፣ በ2017 ወደ ሬጄኔሮን ተለውጧል። ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት መካከል ኋላ ኖቤል የተሸለሙ ጥቂት አይደሉም። ከነዚህም ዋልተር ጊልበርት በ1949 ከአርባዎቹ አንዱ ነበሩ፤ በ1980 የዲ ኤን ኤን ቅደም ተከተል የማንበቢያ ዘዴ በማውጣታቸው ኖቤል ተካፈሉ። በ1974 አንደኛ የወጣው ኤሪክ ላንደር ደግሞ የተወዳደረው በቁጥሮች ጠባይ ላይ በጻፈው የሒሳብ ጥናት ነው። ይኸው ሰው በ2001 የመጀመሪያ ረቂቁ የታተመውን የሰው ልጅ ጂኖም ሥራ ከመሩት አንዱ ሆነ። እንግዲህ ውድድሩ በሒሳብ የመረጠው ተማሪ በዘር ውርስ ጥናት አፈራ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት የሽልማት እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ምርምርን አያስጀምርም፣ ነገር ግን የጀመረውን ሰው ለይቶ ያሳያል፣ ለቤተሰቡና ለዩኒቨርሲቲዎችም ያስተዋውቃል።

ለዘር ውርስ ምርምር የተሰጠ የቅርብ ጊዜ ሽልማት ካስፈለገ የ2013ቱን መመልከት ይቻላል። በኮሎራዶ ግዛት በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ የምትኖረው የ17 ዓመቷ ሣራ ቮልዝ አንደኛ ወጥታ 100,000 ዶላር ተሸለመች። ጥያቄዋ ዘይት የሚሰጥ ጥቃቅን አልጌ፣ ማለትም በውኃ ላይ የምናየው አረንጓዴ ሽበት መሰል ተክል፣ ለነዳጅ የሚሆን ዘይት አብዝቶ እንዲያመርት እንዴት ማድረግ ይቻላል የሚል ነበር። ዘዴዋ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው የዘር መረጣ ሲሆን፣ መረጣው ግን በብልኃት የተደረገ ነው። አንድ የአረም መድኃኒት ለዘይት ሥራ የሚያስፈልገውን አንድ ኤንዛይም እያገደ ሕዋሱን ይገድላል። ስለዚህ አልጌው በዚህ መድኃኒት ውስጥ ሲያድግ ያ ኤንዛይም በብዛት ያለው ሕዋስ ይተርፋል፤ የተረፈውም ይባዛል፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ዘይት የሚያበዛው ዘር ይገዛል። ቤተ ሙከራዋ ከፍ ተደርጎ ከተሠራው አልጋዋ ሥር ነበር። አልጌው በመብራት የሚያድግበት ሰዓት የተወሰነ ስለነበረ፣ ልጅቱም የምትተኛውና የምትነሣው መብራቱ በሚጠፋበትና በሚበራበት ሰዓት ነበር።

ከአልጋ ሥር ያለው ቤተ ሙከራና ከሰማንያ ዓመት በፊት የነበረው የዊልክስ-ባሪ ጠርሙስ በገንዘብ ይራራቃሉ፤ በጠባያቸው ግን ወንድማማች ናቸው። በሁለቱም ዘንድ ሕይወት ያለው፣ ፈጥኖ የሚራባ፣ በቤት ውስጥ የሚኖር ፍጡር አለ። በሁለቱም ዘንድ ወራት ሳይሆን ዓመታት የፈጀ ትዕግሥት አለ። የውድድሩ መዝገብ ሁሉ እንደዚህ ነው ማለት ግን አይደለም። ከተሸለሙት ሥራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ በተመራማሪ አማካሪነት ነው፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ደጃፉ ላይ የሌለው፣ የሚያስገባውም ሰው የሌለው ተማሪ ውድድሩ ለእርሱ ክፍት መሆኑን ቢሰማም አይጠቅመውም። ሽልማትን ብቻ ፕላን ማድረግ ቀድሞ ለተመቻቸው መጨመር ይሆናል።

ከፍቼ የተወሰዱት ዝንቦች

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር መምህር የሩቅ ወሬ እንዳይመስለው አንድ ማስረጃ ላክልበት። የድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር የትውልድ አህጉር አፍሪካ ነው። በቅርቡ የአሥር ዓመታት ጊዜ፣ ከፍቼና ከሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ዝንቦች በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ጂኖማቸው ተነቦ ብዙ ጥናት ተደርጎባቸዋል። የደጋው ዝንብ ከዛምቢያ ቆላ ዝንብ ጋር ሲነጻጸር በአካሉ ተለቅ ያለ፣ በመልኩም ጠቆር ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንድ ዓይነት ምግብና ሙቀት ቢያድጉም ልዩነቱ ስለማይጠፋ፣ የአየሩ ሳይሆን የዘር ልዩነት መሆኑ ታውቋል። ጥናቱ በ2014ና በ2016 በታወቁ መጽሔቶች ወጥቷል። ዝንቢቱ የእኛ፣ ጥያቄውም በአገራችን ተራራና ሸለቆ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ሳለ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የዘር ውርስ ትምህርት የሚሰጠው በአብዛኛው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ሠንጠረዥ ነው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ይህ ነው። አፉ ሰፋ ያለ ጠርሙስ፣ ለመክደኛ የሚሆን ጥጥ፣ የበሰለ ሙዝ ወይም ከበቆሎ ዱቄት፣ ከስኳርና ከእርሾ የተሠራ ገንፎ፣ የማጉያ መነጽርና ደብተር። ዝንቦቹን ለማደንዘዝ በረዶ ላይ ማቆየት ይበቃል። በደጋ ከተሞች ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ትውልዱ ይዘገያል፤ በ18 ዲግሪ ሙቀት 19 ቀን ያህል ይፈጃል፤ የትምህርት ፕሮግራሙ ሲወጣ ይህ መታሰብ አለበት። የደጋ ትምህርት ቤት ክበብና የቆላ ትምህርት ቤት ክበብ የየአካባቢያቸውን ዝንብ ይዘው፣ በተመሳሳይ ምግብ ሁለት ሦስት ትውልድ አርብተው፣ የክንፉን ርዝመት ለክተው፣ ውጤቱንና ጠርሙሱን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጭማሪ በጀት ከአንድ የውድድር ዋንጫ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ክበቡ ቅዳሜና በዕረፍት ጊዜም ክፍሉን የሚከፍትለት ሰው፣ ተማሪው ለጻፈው ደብዳቤ መልስ የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዝንቡን እየቆጠረ የቤት ሥራውን ያላደረሰ ልጅ ሲመጣ ከመቅጣቱ በፊት ደብተሩን ከፍቶ የሚያይ መምህር።